ሱቄ ውስጥ የቆሙት መጥረጊያዎች

ሰኞ

ኮሚቴ ሆኜ ገባሁ። አዳራሹ ጋ የሄድኩት ያጠበብኩትን ሱሪ ለደንበኛዬ ላደርስ ነበር። ሰውዬው ስብሰባ ላይ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቀው ሰብሳቢው ፋርማሲስት አየኝ። «እትዬ ይጨመሩ! እሳቸው ያንኳኩት በር ተዘግቶ አያውቅም» አለ። አዳራሹ ሳቀ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ያስመረጠኝ ምላሴ ነው። በስፌቴ ሳይሆን በሱ ነው የምታወቀው።

ጉዳዩ የፋብሪካው ጥጥ ነው። ትክክለኛ ስሙ አስቤስቶስ ነው፤ እኛ ግን ነጭና ለስላሳ ስለሆነ፣ ሙቀትም ስለሚይዝ፣ ጥጥ እያልን አደግን። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ጥጡ ግን በየቤቱ ኮርኒስ ላይ ተኝቷል። ከሩቅ የመጣችው ኢንጂነር ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ እንደማይወጣ፣ ሕመሙም ከብዙ ዓመት በኋላ ብቅ እንደሚል አስረዳችን። ነጭ ቱታ የለበሱት ሠራተኞቿ ከነገ ወዲያ ጀምረው ከየቤቱ ያወጡታል። ሰዉ ለማያውቀው ሰው በር ስለማይከፍት እኔ በዋዜማው እየዞርኩ አስከፍታለሁ።

ኢንጂነሯ ከኮሚቴው አባላት ቤት ልጀምር አለች። ፋርማሲስቱ «የኔ አለበት» አለ። ፀጉር አስተካካዩም «የኔም» አለ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«የኛ ኮርኒስ ባዶ ነው» አልኩ።

ጠዋት ሱሪዎቹን ስጠቀልል ባለቤቴ ነው «ከጠየቁሽ ባዶ ነው በይ» ያለኝ። ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ዝናብ። ባለቤቴ ጉንፋን ይዞታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መተኛት ለምዷል፤ ለወገቤ ይስማማኛል ይላል።

የመጀመሪያውን መንገድ ጨረስኩ። አንድም በር አልተዘጋብኝም። «ነገ ሰዎች ቤታችሁን ሊያዩ ይመጣሉ» ስላቸው ፊታቸው በራ። የጥግ ቤቷ ጎረቤቴ ደግሞ ገና አፌን ሳልከፍት «ስንት ናቸው? ወንበር ልዋስ?» አለችኝ። ባሏ የፋብሪካው ሰው ነበር፤ እሱም ሲያስለው፣ ሲያስለው ኖሮ ነው ያረፈው። ሻይ ስንጠጣ «የሥራ ልብሱን በየማታው በር ላይ ያራገፍኩለት እኔ ነኝ። ብናኙ ፊቴ ላይ ይቦን ነበር» አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ብዙ ቤት ይቀረኝ ነበር።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። ኢንጂነሯ ሱቄ ድረስ መጣች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። የአየር መለኪያዋን ይዛ ከገባችባቸው ቤቶች ውስጥ ብናኝ የበዛው እኔ ቀድሜ ባንኳኳሁባቸው ነው። ባላንኳኳሁበት ቤት ትንሽ ነው።

«እትዬ፣ ምን ብለዋቸው ነው?»

«ሰዎች ይመጣሉ ነው ያልኳቸው።»

ለካ ሁሉም ጠርጓል! ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ ቤት ሳይጠረግ ይታደራል? ምንጣፉን አራግፈዋል፣ ግድግዳውን አቧራ አስለቅቀዋል። የጥግ ቤቷማ ወንበር ላይ ወንበር ደርባ ወጥታ የኮርኒሱን ስንጥቅ ሁሉ ጠርጋዋለች። ተኝቶ የነበረውን ብናኝ ቀስቅሰው ሲተነፍሱት አደሩ። ያስጠረግኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ኢንጂነሯ ስትቆጣ ዋለች፣ እኔ ግን ሰዎቹን ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን እጠርግ ነበር።

ዓርብ

ዛሬ «እባካችሁ ምንም አትጥረጉ፤ እንደ ቆሸሸ ይቆይ» እያልኩ ዞርኩ። ሰው ተቀየመኝ። ጡረተኛው አስተማሪ በሩን ተደግፎ ቆሞ «ቤቴ ቆሻሻ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለኝ። ሚስቱ ከጀርባው «እኔ እንደሌሎቹ አይደለሁም» ትላለች። ሌሎቹም ይህንኑ ሲሉ እሷን ማለታቸው ነው። ስወጣ ከኋላዬ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ ገና ግቢውን ሳልወጣ!

ስለዚህ ተመለስኩና መጥረጊያውን ተቀበልኳት።

ቅዳሜ

መላው ተገኝቷል። በዋዜማው የየቤቱን መጥረጊያ ሰብስቤ ሱቄ አስቀምጣለሁ፤ ቤቱ ከጸዳ በኋላ እመልሳለሁ። ሴቱ ይሰድበኛል፤ ግን ይሰጠኛል። መጥረጊያ የሌላት ሴት አልጠረገችም ተብላ አትታማም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ሲረዱ ደስ ብሏቸው ሰጡኝ።

ሱቄ ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጥረጊያ በዝቷል። ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ፀጉሩ ያለቀው። የጥግ ቤቷ ጎረቤቴ ቤቷ ቢጸዳም፣ እጇን ስለማታምን እስከ መጨረሻው እኔ ጋ ይቆይ አለች። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሷ ነው፤ ጨርቁን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲገባ «ሥራ ቀየርሽ እንዴ?» ይለኛል። ኢንጂነሯ መጥታ አየችና ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እትዬ፣ ይህን በየትኛውም ከተማ አላየሁም» አለች። ኮራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

እሑድ

ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። ባለቤቴም ለሥራ ሩቅ ሊሄድ ነው፤ አንቺ ጋ ብወልድ ይሻላል።»

«ዝናብ ነው እኮ ልጄ። መንገዱ ጭቃ ነው።»

«አስፋልት አይደል እንዴ?»

«አስፋልቱም ጭቃ ነው።»

«አትፈልጊኝም?» አለች። አንጀቴን በላችው። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነስቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «ነይ! ነይ የኔ እናት! ክፍልሽን አዘጋጅልሻለሁ» አላት። ብዙ ስላወራ አሳለው። አቧራ ነው ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የሚገርመው፣ እኛ ቤት አቧራ የለም፤ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምወለውለው፣ ኮሚቴ ከሆንኩ ጀምሮ።

ሰኞ ማታ

ከእራት በኋላ አነሳሁበት። በቀስታ ነው ያነሳሁት። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ያ ክፍል ደግሞ ከሁሉም ክፍል ጥጥ የበዛበት ነው፣ እናስወጣው አልኩት።

ይህን ብጽፍ ለማን እንደማሳጣው አላውቅም፤ ደብተሩን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ልጻፈው። ጥጡን ለሰፈሩ ያደለው እሱ ነው። ፋብሪካው የተረፈውን ሊጥል ሲል ለምኖ በጆንያ እየተሸከመ አመጣው። በብርድ ወራት ልጅ የወለደ ሰው ቤት ሁሉ እሱ መሰላል ይዞ ይደርስ ነበር። ለኛም ልጃችን ልትወለድ ስትል በገዛ እጁ አነጠፈው፤ እንደ ፍራሽ ነው ያነጠፈው፣ ጥግ ጥጉን በጣቱ እየሞላ። እስከ ዛሬ ሰው መንገድ ላይ እያቆመ ያመሰግነዋል። የጥግ ቤቷ ቤት ያነጠፈውም እሱ ነው። ጥጡ መርዝ ከሆነ እሱ ምንድን ነው? ይህን አልጠየቀኝም፤ ግን ፊቱ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሞቅኋችሁ» አለኝ። «ልጄ አንድ ቀን ብርድ ሳይነካት አደገች። ያቺ ቆብ የደፋች ኢንጂነር ትናንት መጥታ ገደልካቸው ትበለኝ?»

«ማንም እንዲህ አላለህም።»

«ይሉኛል። ኮርኒሱ ከተከፈተ ይሉኛል። አንቺ ደግሞ በጉባኤ ፊት ባዶ ነው ብለሻል። አሁን ምን ልትያቸው ነው? ተሳስቼ ነው? የገዛ ቤትሽን ጣሪያ ተሳስተሽ ነው?»

እሱ እንድል ያለኝን ነው ያልኩት፤ ግን ያልኩት በኔ አፍ ነው። በሰው በር ላይ የማይዘጋው ምላሴ በቤቴ ውስጥ ተቆለፈ። ፋርማሲስቱ ምን ይለኛል፣ መጥረጊያቸውን ያመኑኝ ሴቶች ምን ይሉኛል እያልኩ ነው አሁን የምጽፈው። ስለ ልጄ ማሰብ ሲገባኝ ስለ ስሜ አስባለሁ። እሱም እንደዚሁ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ጣሪያውን እንጠብቃለን።

ረቡዕ

ሥራ በዛ። ሦስተኛው መንገድ አለቀ። ባለቤቴ ሱሪዬ ይወርዳል ስላለኝ አጠበብኩለት። ባለፈው ወር አጥብቤው ነበር። የዛሬ ጨርቅ ጥራት የለውም፣ እየተሳበ ይለቅቃል።

ሐሙስ

ኢንጂነሯ ከሱቄ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ የእርስዎን ኮርኒስ በባትሪ ላየው? ጊዜ አይፈጅም።»

«ባዶ ነገር ምን ይታያል ልጄ?»

«እንዲሁ ልቤ እንዲያርፍ።»

«ልብሽን አሳርፊው።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመለስኩላት። እሷ ግን አልሄደችም፤ ቆማ መጥረጊያዎቹን አየች። «የእርስዎ የትኛው ነው?» አለችኝ። የኔ እዚያ የለም። ቤት ነው ያለው፣ ከበሩ ጀርባ። «አርጅቶ ጣልኩት» አልኳት። አንድ ውሸት ይበቃኝ ነበር። ዓርብ ከሳምንት ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄዱ፣ ያልተመዘገበ ቤት ካለ ከዚያ በፊት እንዲነገራት ተናግራ ወጣች። ለኔ ብቻ አይደለም ለሁሉም ነው ያለችው። አብሯት የመጣው ፋርማሲስትም ሰምቷል።

እሑድ

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ቆርቆሮው አፍስሶ የልጄ ክፍል ኮርኒስ ጥጉ ላይ ረጥቦ ጎብጧል። አልጋዋ ላይ ነጭ ነገር ወርዶ አገኘሁ፤ ቁንጥር የማይሞላ። አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ በእርጥብ ጨርቅ አነሳሁትና በላስቲክ አሰርኩት፣ ለሰው እንደማስተምረው። ላስቲኩን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የኛ ቤት ባዶ ነው፤ ከባዶ ቤት የወጣ ጥጥ ለማን ይሰጣል? ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ማታ «ረቡዕ ነው የምትመጣው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ራሱ ያውቀዋል፤ ደጋግሞ ነው የጠየቀኝ።

ሰኞ

ነገ እነግራታለሁ። ኢንጂነሯን ለብቻዋ ጠርቼ እነግራታለሁ። በጉባኤ ፊት ካልሆነ ምን ቸገረኝ።

ማክሰኞ

አልነገርኳትም። ሱቅ ስትገባ የጥግ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። ከዚያም ሰው በዛ። ከዚያ ደግሞ እሷ ቸኮለች። ነገ ጠዋት የመጨረሻው መንገድ አለብኝ፤ ልጄ ደግሞ በስተማታ ባለው አውቶቡስ ናት። ከሰዓት በኋላ እነግራታለሁ። በሞቴ፣ ከሰዓት በኋላ።

ረቡዕ

ይህን ሱቅ ውስጥ ነው የምጽፈው። ቤት መግባት አይቻልም።

የመጨረሻውን መንገድ ቀድሜ ጨርሼ ከምሳ በፊት ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴን ቀድሜ ልነግረው ነበር፤ እወቀው፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ልለው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከፈትኩት። ቤቱ ውስጥ ጭጋግ ያለ መሰለኝ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

የልጄ ክፍል በር ወለል ብሏል። መሰላሉ ቆሟል። ኮርኒሱ ተፈልቅቆ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ጆንያዎች ተደርድረዋል፣ አፋቸው ታስሮ። ባለቤቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ትከሻው ነጭ ሆኗል። በእጁ እጀታው ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለበት መጥረጊያ ይዟል። የሱቁ ቁልፍ እሱም ጋ አለ፤ እኔ ስዞር ገብቶ ወስዶት ነው። ለምን የኛን እንዳልወሰደ ገባኝ። የኛ አጭር ነው፤ ጥጉ ጋ አይደርስም።

ሲያየኝ ፈገግ አለ። ሥራውን የጨረሰ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ባዶ ነው ብለሽ የለ?» አለኝ። «ሰው ፊት ውሸታም ሆነሽ እንዳትቀሪ፣ ባዶ አደረግሁልሽ። አሁን ባትሪዋን ይዛ ትምጣ።»

ከዚያ አሳለው። እንደዚህ ሲያስለው ሰምቼው አላውቅም። ሰምቼው አውቃለሁ። ሰምቼ ጉንፋን ነው ስል ነው የከረምኩት።

ልሮጥና ልይዘው ፈለግሁ። እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ለከተማው ሰው ሁሉ የነገርኩት ነው፤ ከተበተነ አትግቡ፣ አትንኩ፣ አታራግፉ። የገዛ ባሌን፣ ጥቂት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሜ፣ «አትንቀሳቀስ፣ ልብስህን አታራግፍ» አልኩት። እሱም እንደ ልጅ ታዘዘኝ። መጥረጊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ለልጄ ብዬ እኮ ነው» አለ። አውቃለሁ አልኩት። በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ሮጥኩ።

ፋርማሲስቱም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ኢንጂነሯም አዳራሹ ደጃፍ ላይ ነበሩ። «ቤቴ ባዶ አልነበረም። ባለቤቴ ውስጥ ነው፤ ጥጡን ውሃ ሳይረጭበት በደረቁ ጠርጎታል» አልኩ። ለዚህ ለመድረስ ነው ሳምንት ሙሉ የተጨነቅኩት። ኢንጂነሯ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ ጭንብሏን እያጠለቀች ሮጠች። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ባለቤቴን አጥበው፣ ልብሱን በላስቲክ አስረው፣ ሆስፒታል ወስደውታል። ራጅ አንስተውታል። ሐኪሙ የትናንቱ ብናኝ ምን እንደሚያመጣ ገና አይታወቅም አለኝ። ከዚያ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጎ የድሮውን ጠባሳ አሳየኝ። ብዙ ዓመት የቆየ ነው አለ።

ቤታችን በላስቲክ ተጠቅልሏል።

ልጄን ትናንት አውቶቡስ ጣቢያ ላይ ነው ያገኘኋት። ሆዷን ይዛ እየሳቀች ወረደች። ቤት አንሄድም አልኳት። እዚያው አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ባዶ ነው ያልኩትንም ጭምር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። «አባዬ እኔን እንዳይበርደኝ ብሎ ነው ያስገባው፣ እኔ እንዳልታመም ብሎ ነው ያወጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ አብረን አለቀስን፣ ሰው እያየን። ሌሊቱን ፋርማሲስቱ ቤት አደርን።

ዓርብ

ነጭ ቱታ ለባሾቹ ለኛ ቤት ሲሉ ሁለት ቀን ጨምረዋል። እኔ መጥረጊያ ስመልስ ዋልኩ። ወሬው ቀድሞኝ ስለደረሰ ሴቶቹ በር ላይ ተቀብለውኝ ዓይኔን ሳያዩ አመሰገኑኝ። አንዷ ብቻ «አይዞሽ» አለችኝ።

የጥግ ቤቷ ሱቅ ድረስ መጣች። የቀሩትን እያገላበጠች ፈለገች። ሰምታለች ብዬ ነበር፤ አልሰማችም።

«የኔስ? ቀይ ጨርቅ ያለው?»

«ኢንጂነሯ በላስቲክ አስራ ወስዳዋለች። ባለቤቴ ኮርኒሳችንን ጠርጎበታል።»

«ኮርኒሳችሁ ባዶ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ቁጭ አለች። የባሏን ሳል እየሰማች ያለች መሰለኝ። የሷን ቤት ጥጥ ያነጠፈው የኔ ባል መሆኑን እኔም እሷም እናውቃለን፤ አሁን ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የኔ ቤት ጸድቷል» አለች። «ልጅቷን እኔ ጋ አምጫት፤ እዚያ ትውለድ። መጥረጊያ ስለሌለኝ ግን እንዲሁ ነው የምቀበላት፣ ሳልጠርግ።»

ቅዳሜ

ሆስፒታል ልሄድ ነው። የሚቀይረው ሱሪ ስለሌለው ሱቅ የነበረውን ትርፍ ሱሪውን አወጣሁ። ባለፈው ሳጠብለት በያዝኩት የወገቡ ልክ ለካሁትና ይህንንም እንደገና ማጥበብ ነበረብኝ። ስፌቱን ፈታሁ፣ ጨርቁ ለቅቆ እንደሆነ ለማየት ብርሃን ላይ ዘርግቼ በጣቴ ሳብ ሳብ አደረግሁት።

ጨርቁ ምንም አልሆነም። አልለቀቀም።